የበርመንዚን የምርጫ ታሪክ በሠንጠረዥ እንዴት አስቀመጥኩት

ሥራውን የጀመርኩት ከድምፅ ቁጥር ሳይሆን ከወሰን ነው። በመጀመሪያ በሊበራል ፓርቲ የተመረጡት ሳይመን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በርመንዚ በተባለው በዚህ የለንደን አካባቢ ሳያቋርጡ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ የተመረጡበት ክልል ግን በ1983ቱ አጠቃላይ ምርጫ፣ በ1997 እና በ2010 ተቀይሯል። ስለዚህ ከዓመቱ ጎን አንድ ዓምድ ጨመርኩና ለእያንዳንዱ የወሰን ዘመን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ሰጠሁ። ለውጥ የማሰላው ፊደላቸው አንድ በሆነ ረድፎች መካከል ብቻ ነው። በየካቲት 1983 የተደረገው የማሟያ ምርጫና በዚያው ዓመት ሰኔ የተካሄደው አጠቃላይ ምርጫ አራት ወር እንኳ አይራራቁም፣ ፊደላቸው ግን ይለያያል።

የማሟያ ምርጫው ስሌት ይህን ይመስላል። ሌበር በ1979 ከነበረው 63.6 በመቶ ወደ 26.1 ወረደ፤ 37.5 ነጥብ አጣ። ሊበራል ከ6.8 ወደ 57.7 ወጣ፤ 50.9 ነጥብ አገኘ። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 44.2 ይመጣል፤ ሽግሽግ የሚባለው፣ ማለትም ድምፅ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የዞረበት አማካይ መጠን፣ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉን ረስቶ 50.9ን ራሱን ሽግሽግ ብሎ ሲጽፍ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ምክንያቱን አይነግርም። ከ1946 ጀምሮ በሌበር ስም የተቀመጡት ቦብ ሜሊሽ ከአካባቢው የፓርቲ አባላት ጋር ተጣልተው ወንበሩን ለቀቁ፤ የፓርቲው እጩ ፒተር ታቸል ሲሆን ሜሊሽ ግን ከፓርቲው ውጭ የቀረበውን ጆን ኦግሬዲን ደገፉ። ኦግሬዲ ያገኘው 2,243 ድምፅ ነው። ይህ ሁሉ ለታቸል ቢደመር እንኳ 7,698ቱ ወደ 9,941 ነው የሚያድገው፤ ሂዩዝ 17,017 አላቸው። ስለዚህ «ሌበር ስለተከፈለ ተሸነፈ» የሚለውን ትንታኔ አልቀበለውም። በታቸል ላይ በግብረ ሰዶማዊነቱ የተነዛው ዘመቻም በማስታወሻ ዓምድ መግባት አለበት።

አንድ አስቂኝ ወጥመድ፦ የኮንሰርቫቲቩ እጩም ሮበርት ሂዩዝ ነበር፤ 1,631 ድምፅ። በአባት ስም ብቻ የሚለይ ሠንጠረዥ ሁለቱን ሂዩዞች ያዋህዳቸዋል። 5.5 በመቶ አግኝቶ ማስያዣውን (እጩው ሲመዘገብ የሚያስይዘውንና በቂ ድምፅ ካላገኘ የማይመለስለትን ገንዘብ) ማጣቱም ዛሬ ያደናግራል፤ ያኔ ግን መስፈርቱ 12.5 በመቶ ነበር፤ ወደ 5 የወረደው በ1985 ሕግ ነው።

በሠንጠረዡ ቀኑን በአማርኛ ስጽፍም «እ.ኤ.አ.» አልተውም። የማሟያ ምርጫው በእኛ የካቲት 17 ቀን 1975 ነው፤ «የካቲት 24 ቀን 1983» ብቻ ከተባለ አንባቢው እንደ እነሱ አቆጣጠር ማርች 3 ቀን 1991 ላይ ያርፋል።