የማትነበበዋ ቢ

ትናንት ማታ አራት ኪሎ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ስድስተኛ ክፍል ናት። ነገ የእንግሊዝኛ ቃላት ፈተና አለባት። «ዴት» (debt) የሚለውን፣ ዕዳ ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው።

«አክስቴ፣ ቢዋ ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረውም። በኋላ ምሁራን የላቲኑን «ዴቢቱም» (debitum) አይተው ቢዋን ሰኩበት። የሰው አፍ ግን አልተቀበላትም።

«ፎልት» (fault)፣ ጥፋት ማለት ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ድሮ ያለ ኤል ነበር የሚነገረው። ኤሏም ከላቲን መጣችና ተጻፈች። ሰው ቀስ በቀስ ያየውን ማንበብ ጀመረ። ዛሬ ሁሉም ይላታል። ፊደል የሰውን ምላስ ሲገራ! ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

የ«ናይት» (knight)፣ የድሮ ፈረሰኛ ጦረኛ ማለት ነው፣ ኬ የተለየች ናት፤ እሷ የእውነት ትነበብ ነበር። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 እንግሊዝ አገር፣ ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል ገና አልጠፋችም። ኅትመቱ አጻጻፉን እያጸና ሄደ፣ አፍ ግን መንገዱን ቀጠለ።

እኛስ? በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ነው፤ በእሳቱ ሰ ሌብነት። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። እኔ ግን ሁለቱም ይቆዩልኝ ባይ ነኝ። የቃሉን ዘር የሚያሳዩኝ እነሱ ናቸው።

ልጅቷ አዲስ ገጽ ገለጠች። ቢዋን ጫን አድርጋ ጻፈቻት።