ልጃችሁ አሜሪካ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትጾም ከሆነ

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራ በየሱቁ አለ። ታክሲ ብትጠሩ ሹፌሩ ሐበሻ ነው። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንኳ በአማርኛ ይደርሰናል። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ጾም ማስረዳት ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል? ያስፈልጋል። እኔን ማንም አልነገረኝም፣ እናንተ ግን ስሙ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሰባት ዓመት ከሞላት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ እንደ አቅሟ ትጾማለች። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምን ልያዝ አለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ጓደኞቿ ሊይዙ ነዋ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። «ቁርሷን በልታ ትሂድ። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ትከልከል። ከታመመች ግን እንዳታስጨንቂያት» አሉኝ። በዚሁ ተስማማን። ሽሮ ተዘጋጀ፣ ምስር ተገዛ፣ ፔርሙዝ ተገዛ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ጾሙ የገባው የካቲት 9፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 16 ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ፔርሙዙን ቤት ረስታ ሄደች። የትምህርት ቤቱን ምሳ ልትወስድ ተሰለፈች። ዶሮ ነው፣ ከጎኑ ወተት። ዶሮውን አልፈልግም አለች፣ ወተቱንም መለሰች። የምግብ አዳራሹ ተቆጣጣሪ «ለምን አትበዪም?» አለቻት። «እየጾምን ነው» አለች። «እስከ መቼ?» «እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትበላም።»

በቃ፣ ነገሩ ከዚህ ተነሣ።

ልጄ ቤት የሰማችውን ነው ያወራችው። ጠዋት ስልክ ላይ «ዛሬ እስከ ዘጠኝ ነኝ» ስል ትሰማለች። የኛ ዘጠኝ ሰዓት በነሱ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። እነሱ የሰሙት ግን የማታውን ዘጠኝ ነው። በነሱ ጆሮ እኔ ልጄን ከንጋት እስከ መኝታ ሰዓት በረሃብ የማሳድር እናት ሆንኩ።

ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሣት አይወደድም። ሦስት ጊዜ ስለጠራ አነሣሁት። የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ፣ ካውንስለሯ ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ለስላሳነቱ ነው ያስፈራኝ። «ልጅሽ ደህና ናት፣ ግን ዛሬውኑ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለችኝ። አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ምን ምን እንዳሰብኩ አልናገርም። እዚህ አገር ልጅ ያላት ሐበሻ ሁሉ ታውቀዋለች።

ቢሮው ውስጥ ካውንስለሯ፣ ነርሷና ምክትል ርእሰ መምህሩ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ገና ሳልናገር የሶፍት ካርቶኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ጥያቄ። ልጅሽ በቀን ስንት ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች? ጾሙን ብታፈርስ ትቀጣለች? ይህን የመረጠችው እሷ ናት ወይስ አንቺ? ነርሷ ወረቀት አወጣች። ልጄን እኔ ሳልመጣ መዝነዋታል! ብቻዋን አስቀምጠው ጠይቀዋታል!

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። በዚህ ስቴት መምህርም ሆነ ነርስ፣ ልጅ ተበድሏል ብለው ከጠረጠሩ የማመልከት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ጥያቄውን አልጠላሁትም። የጠላሁት ቅደም ተከተሉን ነው። ልጅ ከመመዘን እናት ጋ መደወል አይቀድምም?

ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ስቤ ክብ ሰዓት ሣልኩ። ባንክ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ አውቶቡስ ተራም በኢትዮጵያ ቀኑ የሚቆጠረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ የናንተ ሰባት የኛ አንድ ነው አልኳቸው። ተያዩ። ምክትሉ ተረት እንደምፈጥር ሰው አየኝ። ነርሷ ስልኳን አውጥታ ጎገለች። ካነበበች በኋላ «ኦ!» አለች። ያቺ «ኦ» ከመመዘኗ በፊት ብትመጣ ምን ነበረበት?

ሰዓቱ ሲገባቸው ደግሞ ሌላ ተከተለ። «ታዲያ እስከ ሦስት ሰዓት መቆየትም ለልጅ ብዙ ነው።» እስከዚያ የምቆየው እኔ ነኝ! እሷ ቁርሷን በልታ፣ ምሳዋን ይዛ ነው የምትመጣው። ይህን ስንቴ ደጋገምኩት። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ግን ሰው ሲከፋው ቋንቋው ይጠፋል። እኔም አለቀብኝ። ስለዚህ የቱንም ያህል እንግሊዝኛ ብትችሉ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ወላጅ በነጻ ማቅረብ አለበት። ኩራት አይያዛችሁ። ልጃችሁን ደግሞ በፍጹም አስተርጓሚ አታድርጓት።

በመጨረሻ «ፎርም ሙዪ» ተባልኩ። ድረ ገጻቸውም ይህንኑ ይላል፤ ልዩ ምግብ ለሚያስፈልገው ልጅ ፎርም ይሞላ። ወስጄ ሳየው ሐኪም የሚፈርምበት ነው። ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። «ልጅሽ አለርጂ የለባት፣ ሕመም የለባት፤ ምን ብዬ ልፈርም?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን እንዳትረሺ ብሎ መከረኝ፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። «ያለ ፊርማ መመዝገብ አንችልም።» እንግዲህ ልጄ እስክትታመም ልጠብቅ? ካውንስለሯ አዘነችልኝና «ዓርብ ዓርብ እኮ ሥጋ የለም፣ የቺዝ ፒዛ አለ» አለችኝ። ቺዝ ከምን እንደሚሠራ ልንገራት ወይስ ልተወው? ተውኩት።

ያ ፎርም የተሠራው ለሕመምና ለአካል ጉዳት ነው። በሕክምና ምክንያት የተጠየቀን ምግብ መቀየር ትምህርት ቤቱ ግዴታው ነው። በሃይማኖት ምክንያት ከሆነ ግን ቢቀይር ይችላል እንጂ አይገደድም። ስለዚህ ድረ ገጹ ምንም ይበል፣ ልጃችሁ ጤነኛ ከሆነች ፎርሙን አትንኩት። ጊዜያችሁን ይበላል፣ ሐኪሙንም ያስቸግራል።

መፍትሔው የተገኘው ስብሰባው ላይ ካልተጠራች ሴትዮ ነው። የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ጸጉሯን በመረብ ሸፍና ትሪ ስትደረድር አገኘኋት። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ሳቀች። ምሳው አምስት ዓይነት ነው አለችኝ፤ እህል፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ሥጋ ወይም የሥጋ ምትክ፣ ወተት። ልጅ ቢያንስ ሦስቱን ካነሣ ይበቃል፣ አንዱ ፍራፍሬ ወይም አትክልት መሆን አለበት። የቀረውን መተው ይችላል። ወተትንም ቢሆን! ባቄላ ባለበት ቀን ባቄላውን እንደ ሥጋ ምትክ ይቆጥሩታል። ያ ሁሉ ባለሥልጣን ተሰብስቦ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አሠራሩ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ ነው፣ ለትንንሾቹ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ ምግብ አዳራሽ ይሁን።

በዚያ ዓመት ረመዳንም የገባው በዚያው ሳምንት ነበር። ጎረቤቴ የወሎ ልጅ ናት፣ ልጇ እዚያው ይማራል። ማታ ካፈጠሩ በኋላ ቡና ጠርታኝ ሁሉን ነገርኳት። «አንቺ ደብዳቤ አልጻፍሽም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። እሷ በየዓመቱ ረመዳን ሳይገባ ለአስተማሪው፣ ለነርሷና ለምግብ አዳራሹ ትጽፋለች። ልጇን ማንም መዝኖት አያውቅም። ኮምፒውተሯን ከፍታ የሷን አሳየችኝ፣ እዚያው ቁጭ ብለን የኔን ጻፍን።

አጭር ነው። ጾሙ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን። ልጄ ቁርስም ምሳም እንደምትበላ። የማትበላው ምን ምን እንደሆነ። ከታመመች ጾሙ እንደሚቀር። ጥያቄ ካለ እኔን እንጂ ልጄን እንዳይጠይቁ፣ ስልክ ቁጥሬ ይኸውና። ሰዓት መጻፍ ካለባችሁ በነሱ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ካውንስለሯ በማግስቱ «በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው፣ እናመሰግናለን» ብላ መለሰች። አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ምሳዋን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፔርሙዙን የፈላ ውኃ ሞልታችሁ ለአሥር ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ደፍታችሁ ምግቡን ጨምሩ፤ እስከ ምሳ ትኩስ ነው። ፍርፍር ይሻላል፣ ጥቅል እንጀራ ይደርቃል። የለውዝ ቅቤ ብዙ ትምህርት ቤት ስለሚከለክል ሳትጠይቁ አትላኩ።

ልጄ ጾሙን ጨረሰች። መሐል ላይ ኢንፍሉዌንዛ ይዟት ጥቂት ቀን ወተት ጠጣች፣ አባ እንዳሉት። ይህን ስናገር ከንፈራቸውን የሚመጥጡ እናቶች አሉ፤ ለምን አስጾምሻት የሚሉም አሉ። ሁለቱንም አልሰማም። ልጄ ያቀደችውን ፈጽማ የፋሲካን ዶሮ ስትበላ ያየሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ኤፕሪል 5፣ የኛ ኤፕሪል 12 ነበር። ስለዚህ የኛ ስቅለት የትምህርት ቀን ላይ ዋለ። ልጄን ወደ ስግደት ወሰድኳት። በሜሪላንድ ለሃይማኖት በዓል መቅረት በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ግን ምክንያቱን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ። «የኦርቶዶክስ ስቅለት» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ፣ አለዚያ «ፋሲካ እኮ አልፏል» ይሏችኋል። እኔ በትክክል ጽፌም ያለ ፈቃድ እንደቀረች መዝግበው አገኘሁት። ሰኞ ጠዋት ደውዬ አስቀየርኩት።