ዝም ያለች ድመት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ድመታቸውን በካርቶን ይዘው ወደ እኔ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም፣ መጡ። ባጃጅ ገጭቷት የኋላ እግሯ ተሰብሯል። አሰርኩላት። አልጮኸችም፣ አልቧጨረችኝም። ብዙም አላመማትም ብዬ ማስታገሻ ሳልሰጥ ሸኘኋቸው።

ማታ ድመቷ ከጥጓ አልነሳ አለች። እናትየዋ አንጀታቸው አልችል ብሎ ግማሽ ፓራሲታሞል በወተት በጥብጠው አጠጧት። ጠዋት ሲያመጧት ፊቷ አባብጧል፣ ድዷ ቡናማ ሆኗል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ እኛ ጉበት ማስወገድ አይችልም። መርዙ ደሟን ያበላሸዋል፤ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን ነው፤ እኔ ጋ አልነበረም። ከሰዓት ሞተች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» ብለው አለቀሱ። «አይ እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። የምር ነው። እኔ ባዶ እጃቸውን ባልሸኛቸው ኖሮ ቤት ያለ ክኒን አይፈልጉም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጩኸት መጠበቅ ተውኩ። ድመት ሲያማት ትደበቃለች። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት፣ የድመትን ህመም ከፊቷ የሚለካ መመዘኛ ብዙ ረድቶኛል። ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ አካባቢ፣ ጢም፣ የራስ አያያዝ ይታያል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ከ10 ውስጥ 4 ከደረሰች ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ለባለቤቶች ግን ቀለል አድርጌ ነው የምነግራቸው፦ የጣና ቆረሶ ዓሣ ሸትቷት ያልተነሳች ድመት አሟታል።

ሰዓቱንም ቀየርኩ። ማስታገሻ የምሰጠው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው፤ ህመም አንዴ ከተነሳ ማብረዱ ይከብዳል። ወንድ ውሻ ሳኮላሽ፣ ሙሉ ማደንዘዣ ቢወስድም፣ ቆለጡ ውስጥ ቦታውን የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ወግቼ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ድሮ እያቃሰተ ይነቃ የነበረው ውሻ አሁን ረጋ ብሎ ነው የሚነቃው።

ሜሎክሲካም የሚባለውን ማስታገሻ ለውሻ ሳዝ ሳልመዝነው አልሰጥም። የመጀመሪያ ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን 0.1፣ ከምግብ ጋር። የሚያስታውክ ወይም ውሃ ያጠረው ውሻ ከሆነ ግን ኩላሊቱን ስለሚጎዳው እተወዋለሁ።

ስሸኛቸው ደግሞ «ቤት ውስጥ ምን ክኒን አለ?» እላለሁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሌለበት ቤት ብዙም የለም። ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። የሚሰጡትን መድኃኒት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሰጡት ጽፌ፣ በእጃቸው አስይዤ እሸኛለሁ። ከወረቀቱ ግርጌ ስልኬ አለ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።