ሳትጮህ

ልጆቹ ተኝተዋል። የትንሿ ልጄ ጫማ ግን አልደረቀም፤ በሩ ሥር ሆኖ አሁንም ውሃ ያንጠባጥባል። ባየሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሟ፣ የ9 ዓመቱ ልጄና የ4 ዓመቷ እህቱ። ለ2 ልጅ 3 አዋቂ አለን፣ ምን እንሆናለን ብዬ ነበር። ለካ አዋቂ ሲበዛ እያንዳንዱ "ሌላው ያያታል" ይላል። ባለቤቴ ዕቃ ታወርዳለች። ወንድሟ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል። እኔ ደግሞ ክሬ ሳብ ሳብ ሲል ዓይኔን ከውሃው መንቀል አቃተኝ። ዞር ስል ትንሿ ልጄ አጠገቤ የለችም።

ከእኔ 4 እርምጃ እንኳ አይሆንም፣ ውሃው ውስጥ ነበረች። ዳር ያለው ድንጋይ አረንጓዴ የሚያሟልጭ ነገር ለብሷል፤ እሱ ነው ያንሸራተታት። አልጮኸችም። አልተንቦጫረቀችም። አፏ አንዴ ከውሃው በላይ፣ አንዴ በታች ይሆናል። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘመም ብሏል፣ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ተለጥፏል፣ እጆቿ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሩቅ ለሚያያት የምትጫወት ነው የምትመስለው።

ጎትቼ አወጣኋት። ሳለች፣ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ልቅሶ ያስደሰተኝ ነገር የለም። ደህና ብትመስልም በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ውሃ ሳንባ ውስጥ ከገባ የትንፋሽ ችግሩ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አቆይተው አዩዋትና አሰናበቱን።

የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብዬ ነበር የማስበው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በምን ይጮኻል? ያገኛትን ቅንጣት አየር መተንፈሻ ያደርጋታል። እጁንም አያውለበልብም፤ ራሱን ቀና ለማድረግ ውሃውን ይገፋበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ማታ ይህን ሳነብ የቆጠርኩት የልጄን ዕድሜ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከዛሬ ጀምሮ ከመካከላችን አንዱ የማጥመጃ ዘንግ አይይዝም። ተረኛው ፊሽካ አንገቱ ላይ ያጠልቃል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ሥራው ልጆቹን ማየት ብቻ ነው። 15 ደቂቃ ሲሞላ ፊሽካውን በእጁ ያስረክባል። ዝም ብሎ "እያቸው" ብሎ መሄድ የለም። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረን ዳር እናስቀምጣለን። ውሃው ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ዘልዬ እገባ ነበር፤ የዚያኔ የምንሰምጠው ሁለት እንሆን ነበር። መጀመሪያ የሚወረወር ነገር ነው።

በወንዱ ልጄ በኩልም ሌላ ሥጋት አለ። አንድ ጊዜ መንጠቆው ጆሮዬን ታክኮ አልፏል። አሁን ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላ ያያል፣ "ልወረውር ነው!" ይላል። ሁላችንም መነጽር እናደርጋለን። መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ሹልም በፒንሳ ተጭኜ አስተኝቻታለሁ፤ ሥጋ ውስጥ ብትገባ በቀላሉ ትወጣለች። አንዳንድ ዓሣ ያመልጠናል፣ ያምልጠን። መንጠቆው ዓይን ላይ ወይም አጠገቡ ከተሰካ ግን አይነካም፣ ሳይጫኑት ከልለው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ዘንጉን ጥሎ መኪና ውስጥ መግባት፤ የመጨረሻው ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመመለስ።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ላይፍ ጃኬቱ፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ልብስ ነው። መኪናው ውስጥ ነበር። "ጀልባ ላይ ስንወጣ እናለብሳታለን" ብለን ነው የተውነው። እሷ የወደቀችው ግን ከዳር ነው።

ማታ ሳትተኛ አለበስኳት። የወንድሟ የድሮው ነው። ዚፑን ዘጋሁ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ፣ ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደረግኩት። እሷ ሳቀች። ጃኬቱ ብቻውን ወደ ላይ መጣ። አገጯን አልፎ ጆሮዋ ጋ ደረሰ።

በልኳ፣ በእግሯ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው እስክናገኝ ድረስ ውሃ ዳር አንሄድም።