ቤቱ የኔ፣ መሬቱ የሰው

እሁድ ዕለት የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። «አከራይ ሆንክ አሉ! በቃ ቁጭ ብለህ ዶላር መቁጠር ነዋ!» እኔ ባልቲሞር፣ የተከራዬ ሽንት ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ቧንቧ እያጠበቅኩ ነበር።

ዕቁብ ወጣልኝ፣ ኡበር እየነዳሁ ያጠራቀምኩት ተጨመረበት። አበሻ የሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግማ አይቀመስም። ባልቲሞር ርካሽ ነው ተባልኩና ግድግዳ ለግድግዳ ከተጣበቁት የጡብ ቤቶች አንዱን ገዛሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ደረጃው ይወዛወዛል። ደላላው «ተከራዮችም አሉበት» ሲለኝ «እሰይ!» አልኩ። ፎቁ ላይ አንድ ቤተሰብ አለ። ምድር ቤት ደግሞ 19 ዓመት የኖሩ ባልቴት።

በፈረምኩ ማግስት ልተዋወቅ ሄድኩ። ሸሚዝ ለብሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ ድፎ ዳቦ ይዤ። ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «መጣህ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠብቅህ!» ብለው በቀጥታ ወደ ሽንት ቤት መሩኝ። የቧንቧ ሠራተኛ መስያቸዋለሁ! መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት «አዲሱ ባለቤት ነኝ» ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ስጨርስ «አመሰግናለሁ፣ ሀን» ብለው አምስት ዶላር ጉርሻ ሰጡኝ። «ሀን» ባልቲሞሮች ለአላፊ አግዳሚው የሚሏት ቁልምጫ ናት። ብሩን ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

ማንነቴን የነገርኳቸው በወሩ መጀመሪያ፣ ኪራይ ልቀበል ስሄድ ነው። አልደነገጡም። መሳቢያ ከፍተው የ19 ዓመት ደረሰኝ አወጡ። ሲገቡ ያስያዙት ዲፖዚት ነው። ሻጩ ሳንቲም አላስረከበኝም። ባልቲሞር ያለችበት የሜሪላንድ ግዛት ሕግ ግን ሲወጡ ከነወለዱ ክፈል የሚለው እኔን፣ አዲሱን ባለቤት ነው።

ጓደኞቼ «አስወጣቸዋ! ቤትህ አይደል?» ይሉኛል። የድሮ የአዲስ አበባ አከራይ መሰልኳቸው። ቤቱ ሲሸጥ የኪራይ ውሉ አብሮ ይሸጣል። የባልቲሞር የማከራያ ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ ኪራይ አልከፈለኝም ብለህ ፍርድ ቤት ብትቆም የሚሰማህ የለም። ቤቱ በፈረንጅ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ (ሌድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ምርመራ ወረቀትም ይጠየቃል። የኔማ ከአያቴ ይበልጣል። ስለዚህ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ተከራዩ ራሱ ስንት እንደሚከፍልና ስንት እንዳስያዘ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። የሻጭን አፍ አትመኑ፣ አበሻም ቢሆን። እንደውም አበሻ ከሆነ ሁለቴ ጠይቁ።

እናቴ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቷ ተወርሶባታል። ተከራዮቿ እዚያው ግቢዋ ውስጥ ሆነው ለቀበሌ ሲከፍሉ ስታይ ኖረች። አሜሪካ ስገባ «መሬት የራስ በሆነበት አገር ቤት ግዛ» ብላኝ ነበር። ባለፈው ወር ፖስታ መጣልኝ፤ የመሬት ኪራይ ክፈል ይላል። ባልቲሞር ውስጥ ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላ ሰው የሆነበት ስንት ቤት አለ መሰላችሁ! ዓመቱን ሙሉ 96 ዶላር ነው፣ ገንዘቡስ አይከብድም። ውሉን ሳነበው ግን 99 ዓመት፣ ሲያልቅ የሚታደስ። ልክ እንደ አዲስ አበባ ሊዝ!

ለእናቴ አልነገርኳትም።