ሊማሊሞ ላይ አልይዝ ያለው ፍሪሲዮን

ስልኬ ሲጠራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። «ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይጎትትም» አለኝ በሞተር ሳይክል ናሙና የሚያመላልሰው ልጅ። ከጀርባው ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ሊማሊሞ ላይ ነው። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ሲመጣ ግማሹን እንኳ ሳይወጣ ቆሟል። ከኋላው ባሰረው ሳጥን ውስጥ ከአዲ አርቃይ በኩል የሰበሰበው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚሆን የአክታ ናሙና አለ። ያ ናሙና በጊዜ ደባርቅ ደርሶ ወደ ጎንደር ለሚሄደው መኪና መሰጠት ነበረበት።

«ፍሪሲዮን ጨብጠህ ነው አይደል የምትነዳው?» አልኩት። ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክላች ነው። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

«ኧረ አልጨበጥኩም ወንድሜ። ሦስተኛ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጠው ዝም ብሎ ይጮሃል።»

ጊዜው ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነበር። በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ የሞተር ሳይክሎቹ መካኒክ ነበርኩ። ስምንት ሞተር ሳይክል በእጄ አለ፤ አምስቱ ፎር ስትሮክ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125፣ ሦስቱ አሮጌ ቱ ስትሮክ ኤ ጂ 100። ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ቆርጠው የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ዛሪማ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሙቀቱ ውስጥ ትገኛለች። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የወረደ ሰው ቀትር ላይ ሸሚዙ ላቡን አይችልለትም። ለሞተር ሳይክል ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም።

ልጁ ሳጥኑን ለአንድ የአይሱዙ ሹፌር በአደራ ሰጥቶ እሱ ከሞተር ሳይክሉ ጋር መንገድ ላይ ቀረ። አይሱዙው ደባርቅ ሲደርስ የጎንደሩ መኪና ሄዷል። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ናሙናው እስከ ሰኞ ቆየ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ሟሙቶ ስለነበር ከናሙናዎቹ ሁለቱ ለምርመራ አይሆኑም ተብለው ተመለሱ። ከሁለቱ የአንዱ ባለቤት፣ እየሳለ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሩ ዳግመኛ ተጉዞ መስጠት ነበረበት። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ያን ቀን የታየኝ የተበላሸው ፍሪሲዮን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ፈታሁት። የፍሪሲዮን ካቦው ልቅነት ልክ ነው፣ ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ሸራዎቹን፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ በሰበቃ የሚይዙትን ዝርግ ቀለበቶች፣ አውጥቼ አየኋቸው፤ ጥቁር ብለዋል፣ ያብለጨልጫሉ። ተቃጥለዋል ብዬ ደመደምኩ። በካሊበር ልለካቸው ይገባ ነበር፤ አልለካኋቸውም። አዲስ ሸራ አስገዝቼ ገጠምኩና ከተማው ሜዳ ላይ ሁለቴ ዞርኩበት። ይዟል። ከዚያ የብልሽት ሪፖርቱ ላይ «በአነዳድ ጉድለት የተቃጠለ» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡ እንደሚለው የሸራው ዋጋ ከልጁ ደመወዝ ይቆረጣል። ፈረምኩ።

ልጁ ቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አልተቆጣም። «እኔ አላቃጠልኩትም» ብቻ አለኝና ሄደ።

በሳምንቱ ያው ሞተር ሳይክል፣ አዲሱን ሸራ እንደያዘ፣ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና አልይዝ አለ። የነዳው ደግሞ ሌላ ሰው ነበር፤ ለሃያ ዓመት የነዳ፣ በፍሪሲዮን አያያዙ የምንመሰክርለት ሰው። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘ።

አዲሶቹንም የድሮዎቹንም ሸራዎች በፌስታል ይዤ ጎንደር ወረድኩ። ከፒያሳ ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሞተር ሳይክል ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንዱን ሸራ አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ካሊበራቸውን አውጥተው የድሮውን ከአዲሱ ጋር ለኩት። ልዩነታቸው የጥፍር ውፍረት እንኳ አልሞላም።

«ይኼ ሸራ ምንም አልሆነም ልጄ። ዘይቱ ምንድን ነው?»

«አዲስ ነው ጋሼ፣ ጥሩ ዘይት ነው፣ ሙሉ ሲንተቲክ። 5ደብልዩ-30።»

«ከየት አመጣኸው?»

እዚህ ላይ ታሪኩን መንገር አለብኝ። የሞተር ሳይክል ዘይት ከመጋዘን አልቆ ግዢው ዘግይቶብን ነበር። መደርደሪያው ላይ ለአዲሷ የቤንዚን ፒክአፕ የመጣ ባለ አራት ሊትር ጀሪካን አለ። ዋጋው እኛ ከምንጠቀምበት እጥፍ ነው። ለመኪና የሆነ ለሞተር ሳይክል እንዴት ያንሳል አልኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ደባርቅ ጠዋት በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ በወፍራም ዘይት ሞተር ማስነሳት መከራ ነው። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈሳል፤ እስከዚያ ድረስ ያልኩት እውነት ነው። አንድ ሊትር ገደማ ቀድቼ ሞላሁበት። ከዚያች ቀን በፊት ያ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ ተንሸራቶ አያውቅም። ይህንን ያየሁት ጋሼ ሲጠይቁኝ ነው።

«ጀርባውን አንብበኸዋል?» አሉኝ።

አላነበብኩም። እዚያው ቆሜ ለዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ደወልኩ። ጀሪካኑን ገልብጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየቆጠረች ነገረችኝ። ክብ ምልክት አለ። ከላይ ኤ ፒ አይ ኤስ ኤን የሚል የዘይት ደረጃ አለ፣ መሐሉ ላይ 5ደብልዩ-30፣ የክቡ ታችኛው ግማሽ ላይ ደግሞ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ»፣ ነዳጅ ቆጣቢ እንደማለት፣ ይላል። «ጃሶ የሚል አለ? ኤም ኤ የሚል?» አልኳት። ጀሪካኑን ዞራ ፈለገች። የለም።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ ዘይት ማለት ማዳለጥ ነው ብለው ነው ያስተማሩህ። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ያው ዘይት ማዳለጥም ማስያዝም አለበት።»

ያን ቀን ያስረዱኝን እስከ ዛሬ በማስተምራቸው ልጆች ፊት እደግመዋለሁ። መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የራሱ ዘይት አለው። ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት መኪና ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ዘይት ከነካው ይበላሻል። የኛ ዓይነት ሞተር ሳይክል ላይ ግን ፒስተኑም፣ የካምቢዮው ጥርሶችም፣ ፍሪሲዮኑም ከአንድ ጎድጓዳ ይጠጣሉ። ፍሪሲዮኑ አንድ ሸራ አንድ ብረት እየተደረበ የተሠራ ነው፤ ሞላዎቹ አጥብቀው ሲይዙት ዘይት ውስጥ ተነክሮም ሳይንሸራተት የሞተሩን ኃይል ለጎማው ማስተላለፍ አለበት። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የመኪና ዘይት ውስጥ ደግሞ ሰበቃን የሚቀንሱ ቅመሞች ይጨመራሉ፤ ሞሊብዲነም ያለባቸው ከእነዚህ ናቸው። ቅመሙ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለመኪናው በረከት የሆነው ለሸራው መርገም ይሆናል።

ጃፓኖች ይህ ጣጣ ቀድሞ የገባቸው ናቸው። የመኪና ዘይት ወደ ነዳጅ ቁጠባ ሲያዘነብል የሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ። ስለዚህ በ1998 እ.ኤ.አ. ጃሶ ቲ 903 የሚባለውን መለኪያ አወጡ፤ ፍሪሲዮን ምን ያህል እንደሚይዝ በፈተና ለክቶ ዘይቱን ኤም ኤ ወይም ኤም ቢ ብሎ ይመድባል። በ2006 ኤም ኤ ራሱ ኤም ኤ 1 እና ኤም ኤ 2 ተብሎ ተከፈለ፤ ኤም ኤ 2 ከሁሉ በላይ የሚያስይዘው ነው። ኤም ቢ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ለማይነካው፣ በቀበቶ ለሚሄዱት ስኩተሮች ነው። ኤም ቢን አርክሶ ማየት ስሕተት ነው፤ ቦታው ሌላ ነው እንጂ።

«ታዲያ ለምን ከተማ ውስጥ ያዘልኝ ጋሼ?»

«ሜዳ ላይ ምን አደከመው? ዘይቱ ሳይግል፣ ሸክም ሳይኖር፣ በአንደኛና በሁለተኛ ዞርክበት። ፍሪሲዮን የሚፈተነው ዘይቱ ሲፈላ፣ ማርሹ ከፍ ሲል፣ ዳገቱ ሲጫነው ነው።»

ለላንድክሩዘሩ የምንጠቀምበትን 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ዘይት ባደርግበትስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሳይንሸራተት የሚሠራበት ጊዜ እንዳለ አልካዱም። «ግን ኤም ኤ የሚል ካልተጻፈበት ማን ዋስ ይሆንሃል? ለሰው ሕይወት የሚጓዝ ሞተር ሳይክል ላይ ግምት አታድርግ» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያለኝ አቋም ይኸው ነው።

ስለ ውፍረቱም ነገሩኝ። ከደብልዩ በኋላ ያለው ቁጥር የሚለካው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው። የካምቢዮ ጥርስ ዘይቱን እንደ ወፍጮ እየፈጨ፣ በሙቀት እንዳይቀጥን የሚጠብቀውን ቅመም ይቆራርጠዋል። ስለዚህ የሞተር ሳይክል ዘይት ከመኪናው ፈጥኖ ይቀጥናል። እንደ ዛሪማ ባለ ሙቀት ቀድሞውንም ቀጭን የሆነው 30 ቁጥር በትንሽ ኪሎ ሜትር አቅም ያጣል። ወደ ቤቴ ተመልሼ የአምራቹን መመሪያ ገለጥኩ። በአየሩ ሙቀት መጠን የተደረደረ የዘይት ሠንጠረዥ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር።

ደባርቅ እንደደረስኩ ዘይቱን አስወግጄ ትክክለኛውን ሞላሁ፤ ሞተሩ እስኪግል አሠርቼ ያንንም ደፋሁ፤ እንደገና ሞላሁ። አዲሶቹን ሸራዎች አስቀምጬ፣ ተቃጠሉ ብዬ የጻፍኩባቸውን የድሮዎቹን አጥቤ፣ ኤም ኤ ዘይት ውስጥ አሳድሬ መልሼ ገጠምኳቸው። በማግስቱ ራሴ ዛሪማ ወረድኩ። ቀትር ላይ፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከኋላ አስሬ፣ ሽቅብ ተመለስኩ። በየጠምዛዛው ነዳጅ ስሰጥ እየጠበቅኩት ነበር፤ መንሸራተቱን። አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም። ደባርቅ መግቢያ ላይ ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እነዚያው ሸራዎች ናቸው፤ የልጁን ደመወዝ ያስቆረጥኩባቸው።

ሪፖርቴን ሽሬ ሌላ ጻፍኩ። «ጉድለቱ የጥገና ክፍሉ ነው፤ ዘይቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ገንዘቡ ግን ቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር እስኪመለስለት ሁለት ወር ፈጀ። ልጁ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቡና አዘዘልኝ። ስኒውን እያዞረ «ብሩ አይደለም የቆጨኝ» አለ። «ስደውልልህ መጀመሪያ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ። እስከ ዛሬም።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑን በአዲስ መልክ አደራጀነው። የመኪናው ዘይት በአንድ ቁም ሣጥን፣ የሞተር ሳይክሉ በሌላ ተቆለፈ። ለኤክስ ቲ ዜዶቹ 10ደብልዩ-40 ኤም ኤ 2 ያዝን፤ የደባርቅን ጠዋትም የዛሪማን ቀትርም ይችላል። ኤ ጂ 100ዎቹ ሁለት ዓይነት ዘይት ይፈልጋሉ። ከቤንዚን ጋር ተቃጥሎ የሚወጣው የቱ ስትሮክ ዘይት በራሱ ጋን ይገባል፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ግን እዚያም ፍሪሲዮን ስለሚነካ ኤም ኤ መሆን አለበት። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው አይቼ አውቃለሁና ክዳኖቹን ቀይና ጥቁር ቀባናቸው። ባዶ ጀሪካን ሁሉ ከመጣሉ በፊት በምስማር ይበሳል፤ ሰው አሮጌ ዘይት ሞልቶ እንደ አዲስ እንዳይሸጥበት። በእያንዳንዱ ሞተር ሳይክል ካርድ ላይም የዘይቱ ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የተጻፈው ፊደል ይመዘገባል።

በዓመቱ፣ ዘይት መቀየሪያው ደርሶበት ቆላ ላይ ሳለ፣ ያው ልጅ ከአንድ ሱቅ ደወለልኝ።

«እዚህ የኛ ዓይነት የለም። 20ደብልዩ-50 ነው ያለው። ጀርባውን አይቼዋለሁ፣ ጃሶ ኤም ኤ ይላል፤ ያ የነዳጅ ቁጠባው ጽሑፍ የለበትም። ማሸጊያውም አልተነካም።»

«ወር ሙሉ ቆላ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ግዛው» አልኩት። «ደባርቅ ስትመለስ እንቀይረዋለን።»