«ካንትሪው ይቁምልን»

ጠቅላላ አገልግሎት ውስጥ የሚሠራ ሰው የማይደርሰው ደብዳቤ የለም። የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ሲጠፋ፣ የጥበቃው ካፖርት ሲያረጅ፣ የሻይ ክበቡ ስኳር ሲቀንስ፣ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣል። ቁጥር ወጥቶለት፣ ቀን ተጽፎበት፣ ግልባጩ ለሠራተኛ ማኅበሩ የተላከ የሙዚቃ አቤቱታ ግን ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። «ጉዳዩ፦ በሰርቪስ ውስጥ የሚለቀቀውን የካንትሪ ሙዚቃ ማስቆምን ይመለከታል» ይላል። ከሥሩ የመጋዘን ሠራተኞች ፊርማ ተደርድሯል። ሥራ አስኪያጁ ጥጉ ላይ «አጣርታችሁ መፍትሔ ስጡበት» ብለው መርተውልኛል።

ድርጅታችን የምግብ ዘይትና ዱቄት አከፋፋይ ነው። ቢሮውም መጋዘኑም ቃሊቲ ነው። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ከአያት ተነሥቶ፣ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጎ፣ ከመገናኛ በኋላ በቀለበት መንገዱ ቦሌንና ሳሪስን አልፎ ይገባል። መንገዱ የተዘጋጋ ዕለት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የሌላ ሰው ሙዚቃ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ሾፌራችን ጡረታ ከወጡ በኋላ በኮንትራት የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶን ዊሊያምስ፣ ጂም ሪቭስ፤ ፍላሻቸው ላይ ያሉት እነዚህ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኞች ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ ዘፋኙ የት ቦታ ትንፋሽ እንደሚወስድ ግን ያውቃሉ። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ረዳት ሳሉ፣ አለቃቸው ከመኪናው ቴፕ የማያወጣው አንድ ካሴት ነበር አሉ። በረሃውን በዚያ ነው የተሻገሩት። ከመጋዘን ልጆች አንዱ «የፈረንጅ እረኛ ለቅሶ» ብሎ ሲያሾፍባቸው ጋሼ በመስታወቱ እያዩት፣ «እረኛ ምን አጠፋህ? የድሮ ንጉሥ እኮ ‹እረኛ ምን አለ?› ብሎ ነበር አገሩን የሚያውቀው» ብለውታል።

በማግሥቱ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይህኛው ከፊት ወንበሮች ነው፤ የሒሳብ፣ የግዥና የሽያጭ ሰዎች። የጠዋቱ ይቁም ከተባለ የማታውም ይቁም ነው ነገሩ። ማታ ሲመለሱ የኋላ ወንበር ልጆች ስልካቸውን ከቴፑ ጋር አገናኝተው ራፕ፣ ሬጌና የጉራጊኛ ጭፈራ ይለቃሉ። ሬጌው የፎርክሊፍት ኦፕሬተራችን ነው። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር በታላቅ ወንድሙ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላው ሁሉ ሙዚቃ አይመስለውም።

ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ቴፑ ተነቅሎ ይውጣ አሉ። በዚህ ጊዜ ነው ሶሺዮሎጂ ያጠናችው የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባዬ ጣልቃ የገባችው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1979 ቺካጎ ውስጥ ዲስኮን የሚጠላ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ፣ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መካከል ሜዳው ላይ የዲስኮ ሸክላዎችን ከምሮ በፈንጂ አፈነዳቸው። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ፣ ሣሩ ተበላሸ፣ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀርቶ ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። «ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ደግሞ ከዚያችው ከተማ ሀውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ተወለደ» አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ፎርፌው ሲሰሙ ቀዝቀዝ አሉ። ኳስ ወዳጅ ናቸው። «እንግዲያውስ ማንም የማይጠላውን ፈልጋችሁ ልቀቁላቸው» አሉን።

ስለዚህ ማንም የማይጠላውን ለማግኘት የሚጠላውን ጠየቅን። ለተሳፋሪው ሁሉ ሩብ ገጽ ወረቀት ታደለ፤ ስም ሳይጻፍበት «ሰርቪስ ውስጥ ጨርሶ መስማት የማልፈልገው ሙዚቃ» የሚለውን መሙላት ብቻ ነው።

«ካንትሪ» ከኋላ፣ «ራፕ» ከፊት እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ሌላው ጎረፈ። «ሮክ» ያለ አለ፤ ሰርቪሳችን ውስጥ ሮክ ተለቅቆ አያውቅም። «የሕንድ ዘፈን» ያለም አለ። አንዱ «ጃዝ፣ ዜና እስኪጀምር የሚጫወተው ዓይነት» ብሎ ጽፏል። አልፈረድኩበትም፤ ፈረንጅ ትኬት ቆርጦ የሚሰማውን የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ እኛ ለዓመታት የዜና ሰዓት መጠበቂያ አድርገነው ኖረናል። «የሠርግ ዘፈን» የሚልም ነበር፤ እኔም ከሠርግ ውጭ ሲሆን ይደክመኛል። «በኪቦርድ ብቻ የተሠራ ማንኛውም ዘፈን» የሚለው የማን እንደሆነ ሳይነገረኝ አወቅሁ። የሒሳብ ኃላፊያችን፣ ትራምፔትና ሳክስፎን የነበራቸው ባንዶች በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ተዳክመው መድረኩ ለአንድ ኪቦርድ መቅረቱን ሲያነሡ እንደ ቤተ ዘመድ ሐዘን ነው የሚያደርጋቸው። የሙዚቃ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ዛሬም በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጣሉ።

አንድ ሰው ደግሞ «ትዝታ» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ዝምታ» ብሎ ምክንያቱንም ጨመረበት፤ «እንቅልፍ ይወስደኝና ፌርማታዬ ያልፈኛል።»

የተጠላውን ሁሉ ስንሰርዝ ለሰርቪሱ የተረፈ አንድም ነገር አልነበረም።

ባልደረባዬ ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለሁለት መክፈል ጀመረች። ስም አልተጻፈባቸውም እንጂ ከየት እንደመጡ ይናገራሉ። የመጋዘኖቹ ላይ የዘይት አሻራ አለ፤ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ወረቀቱ ብርሃን አስተላልፎ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። የቢሮዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ በሥርዓት ታጥፈዋል። ባልደረባዬ ንጹሖቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። «ጫጫታ።» «የጭፈራ ዘፈን።» «የመጠጥ ቤት ዘፈን።» «የወጣት ዘፈን።» ከዚያ ቀና ብላ «ይሄ የሙዚቃ ዓይነት ነው ወይስ የሰው ዓይነት?» አለችኝ።

ቤታኒ ብራይሰን የምትባል አሜሪካዊት ሶሺዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችውን ጥናት የነገረችኝ ያኔ ነው። ጥናቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካውያን ስለ 18 የሙዚቃ ዓይነቶች በተጠየቁበት አገር አቀፍ መጠይቅ ላይ ነው። የተማረው ሰው ካልተማረው ያነሱ ዓይነቶችን ነው የሚጠላው፤ ሁሉን ሰሚ ነው። ለይቶ የሚጠላቸው ጥቂቶቹ ግን ትምህርት ያላገኘው ሰው የሚወዳቸው ሆነው ተገኙ፤ ጎስፔል፣ ካንትሪ፣ ራፕና ሄቪ ሜታል። ለእኛ ሰርቪስ የተጻፈ ይመስላል፤ ልዩነቱ አሜሪካ ውስጥ ካንትሪና ራፕ በአንድ ላይ የተናቁ መሆናቸው ነው፤ እኛ ዘንድ አንዱ ሌላውን ይንቃል።

እውነቱን ለመናገር ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። በአገራችን «አዝማሪ» ስድብ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ያው ተሳዳቢ ድግስ ሲደግስ አዝማሪ ያስጠራል፣ ስሙ ተነሥቶ ሲወደስ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ልጁ ማሲንቆ ያነሣ ዕለት ግን ቤቱ ይታመሳል።

«ትዝታ» ብሎ የጻፈው እጅ ከነከነኝ። ጽሑፉን በየቀኑ ደረሰኝ ላይ አየዋለሁ፤ የገንዘብ ያዧ ነው። ሻይ ክበብ ሳገኛት ጠየቅኋት።

«ትዝታን ማን ይጠላል ወንድሜ?» አለችኝ። «ጠዋት ሆድ ብሶኝ ካዝና ፊት ከተቀመጥኩ ግን ብር ይጎድልብኛል። የጎደለውን የምተካው ደግሞ ከደመወዜ ነው።»

ከእሷ በኋላ የሰዎቹን አቤቱታ የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያረቀቀውን የመጋዘን ልጅ አስጠርቼ ስለ ካንትሪ ምንም ሳላነሣ፣ ጠዋት የት እንደሚቀመጥ ብቻ ጠየቅሁት። «መጨረሻው ወንበር። እዚያ ስንተኛ ነው የሚጮህብን፤ ጭንቅላታችን ላይ።»

በነጋታው ከአያት ተሳፍሬ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቦታው እውነትም ለእንቅልፍ የተመቸ ነው፤ ሞተሩ ከሥር ያሞቃል፣ ልጆቹ ጃኬታቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ገና ሲኤምሲ ሳንደርስ ተኝተዋል። ያን ጊዜ የኬኒ ሮጀርስ ድምፅ ከጆሮዬ አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ፈነዳ። ቀና ብዬ ሳይ ስፒከሮቹ ከአናታችን በላይ ናቸው። ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ፤ ጋሼ አጠገብ ሙዚቃው በጭንቅ ይሰማል። ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለውን ስፒከር ባንኳኳው፣ ውስጡ የላላ ነገር ተንኳኳ እንጂ ድምፅ የሚባል የለውም። ጋሼ ዘፈናቸውን ለመስማት ከኋላ ያለውን ማስጮህ ነበረባቸው። ማታም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ያለቅጥ የሚጮኸው ራፕ ፊት ሲደርስ ዜማው ጠፍቶ ጉምጉምታው ብቻ ይቀራል፤ የሒሳብ ኃላፊው «ስድብ» የሚሉት ይህንኑ ጉምጉምታ ነው።

ሳሪስ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁለቱን የፊት ስፒከሮች ቀየረልን፤ የኋላዎቹን ደግሞ ለብቻቸው መቀነስ የሚቻልበት ማስተካከያ ገጠመላቸው። ወጪው ከጥቃቅን ወጪ ላይ ተከፈለ። ጋሼ የመጀመሪያውን ዘፈን በዝግታ ከፍተው ሲሰሙ፣ «ለካ እኔ ለራሴ ስል ነው ስጮህባችሁ የኖርኩት!» አሉ።

ሁሉም ነገር በስፒከር ተፈታ ማለት አይደለም። ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ጋር ሦስት ነገር ተስማማን። ጠዋት እስከ መገናኛ የኋላ ስፒከሮች አይከፈቱም። ማታ ተራው የኋላ ወንበር ነው፤ ዐርብ ዐርብ ደግሞ የፊቱ። ሦስተኛው የባልደረባዬ ሐሳብ ሲሆን ከሁሉም በላይ የሠራው እሱ ነው፤ አቤት ባይ ሰዓቱንና የድምፁን መጠን ይናገር እንጂ የሙዚቃውን ዓይነት ስም አይጥራ። ጫጫታ፣ ለቅሶ፣ ስድብ የሚሉ ቃላትም ቀሩ። አንድ ሰው «ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከፍ ብሎብኛል» ካለኝ ማድረግ የምችለው ነገር አለ። «ይሄ የእነ እገሌ ጩኸት ይቁም» ካለኝ ግን የማደርግለት የለም፤ ድምፁን ልቀንስለት እችላለሁ፣ እነ እገሌን ግን ልቀንስለት አልችልም።

የሒሳብ ኃላፊው እስከ ዛሬ አልተለወጡም። የራፕ ተራ ሲደርስ ጋዜጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የፎርክሊፍት ኦፕሬተሩም ከሬጌው ፈቀቅ አላለም። እንዲለወጡም የጠየቃቸው የለም።

የፊቱ ተራ በደረሰበት አንድ ዐርብ ማታ ባልደረባዬ ስልኳን አገናኘችና «ዛሬ ሁላችሁም የምትጠሉትን አመጣሁላችሁ» አለች። ኮማርና ሜላሚድ የሚባሉ፣ ከሶቪየት ኅብረት ወጥተው አሜሪካ የገቡ ሁለት ሠዓሊዎች፣ ዴቭ ሶልጀር ከተባለ የሙዚቃ ደራሲ ጋር ሆነው ሰዉ የሚጠላውን በመጠይቅ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1997 የሠሩት ዘፈን ነው። የተጠላው ሁሉ አንድ ላይ ታጭቆበታል፤ ባግፓይፕ፣ አኮርዲዮን፣ ባንጆ፣ ቱባ፣ ማስታወቂያ፣ የሕፃናት መዘምራን። በኦፔራ ድምፅ የምትዘፍነው ሴት ስለ ካውቦይ ራፕ ትላለች። ርዝመቱ ከ20 ደቂቃ ይበልጣል። ደራሲው ባወጣው ስሌት መሠረት ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ይህን የሚወድ 200 ሰው አይሞላም።

ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹ ቃሊቲ እንደሚሠሩ አላወቀም። ኦፔራዋ ሴትዮ ራፕ ስትጀምር የኋላ ወንበር በሳቅ ተንጫጫ፤ ፎርክሊፍት ኦፕሬተሩ በእጁ ወንበሩን እየመታ ያጅባታል። ቱባው ሲገባ የሒሳብ ኃላፊው ጋዜጣቸውን አጠፉ፤ «ይሄ እንኳ በትንፋሽ የሚነፋ ነው» አሉ። ባንጆው ሲሰማ ጋሼ መስታወቱን አስተካክለው «ልጄ፣ ይቺ ክራር የምትመስለው ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ቦሌን አልፈን መገናኛ ልንደርስ ስንል ሕፃናቱ ስለ በዓልና ስለ ገበያ መዘመር ጀመሩ። ገንዘብ ያዧ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «በቃ!» አለች። ከፊትም ከኋላም የተቃወማት አልነበረም።